ሁሉም ትኬት ቁጥር 27፤ የአንዲት ሼርድ ላይብረሪ ጥገና ማስታወሻ

ታኅሣሥ 11፣ 2017፣ ዓርብ ማታ

ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ጓደኛዬ ደወለ፣ ሰላምታውንም በቅጡ አላስጨረሰኝ፣ "ትናንት አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ የአጎቴ ሱቅ ፕሮግራም ቀኑ ተምታቶበታል" አለኝ። አጎቱ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ያሰፋሉ፣ ለሳቸው ብሎ የጻፈው ፕሮግራም ደንበኛ ሲያዝ የመረከቢያ ትኬት ያትማል፣ ትኬቱ ላይ ያለው የቀጠሮ ቀንና ተራ ቁጥር ነው፣ ያቺ ቁጥር ጨርቁም ላይ በመርፌ ቁልፍ ትሰካለች። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ደሞ የኔ ላይብረሪ ነው፣ ሊብቀን። በሲ ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ ሼርድ ላይብረሪ ናት፣ ፕሮግራሞች ሲነሱ ከውጭ የሚጠሯት የጋራ ኮድ ማለት ነው፣ ኮዷን ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት ለቅቄዋለሁ፣ ማክሰኞ ዕለት 1.3 የሚባለውን አዲስ ቨርዥኗን ሪሊዝ አድርጌ (ለሰው አውጥቼ) ነበር።

በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። አምስት ትኬት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፣ አምስቱም "መስከረም 4 ቀን 2017፣ ቁጥር 27" ይላሉ። አምስቱም የገና ትእዛዝ ናቸው፣ አምስቱም ታኅሣሥ 27 የሚወሰዱ። መስከረም 4 ካለፈ ሦስት ወር አልፎታል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ቁጥሩ ነው፣ የኔ ላይብረሪ ቀን እንጂ ተራ ቁጥር አትነካም፣ እንዴት ብሎ ነው የሁሉም ቁጥር 27 የሚሆነው?

ጓደኛዬን ወደ 1.2 መልሰው አልኩት። መለሰው፣ ወዲያው ተስተካከለ። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ሪሊዝ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ጠዋት መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ቴስቶቹ ነው፣ ላይብረሪዋ ልክ መሥራቷን ወደሚፈትሹት ትንንሽ ፕሮግራሞች። ሁሉም አለፉ፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዓመትም፣ የዘመን መለወጫውም፣ ሁሉም። የቀን ስሌቱ አልተነካም ማለት ነው።

ቀጥዬ የጓደኛዬን ኮድ አምጥቼ እኔው ጋ ኮምፓይል አደረግኩት፣ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፋይል ቀየርኩት ማለት ነው፣ እሱም በትክክል ሠራ! እዚህ ጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከዛ የሱቁን ኮምፒውተር ላይ ያለውን ያንኑ የተሠራውን ፋይል ላክልኝ አልኩት፣ አምና በ1.2 ሄደር (የላይብረሪዋን ፈንክሽኖችና ቅርጾች በሚዘረዝረው ፋይል) ኮምፓይል የተደረገውን ማለት ነው፣ እሱን ከ1.3 ጋር ሳስኬደው "መስከረም 4፣ ቁጥር 27" ብሎ አወጣልኝ። ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ።

አሁን ገባኝ። ኮዱን አዲስ ኮምፓይል ለሚያደርግ ሰው 1.3 ምንም ችግር የላትም፣ ድሮ ኮምፓይል ተደርጎ ለተቀመጠ ፕሮግራም ግን ሌላ ላይብረሪ ናት። ኤፒአይ እና ኤቢአይ የሚባለው ልዩነት ይሄው ነው፣ አንዱ ኮምፓይለሩ የሚያየው ስምምነት ነው፣ ሌላው ማሽኑ ሜሞሪ ላይ የሚኖርበት ስምምነት። የመጀመሪያውን ስጠብቅ ኖሬ ሁለተኛውን አፍርሼዋለሁ።

ምን እንደቀየርኩ ልጻፍ። 1.2 ላይ ቀን የሚባለው ስትራክት (በተርታ አብረው የሚቀመጡ መረጃዎች ጥቅል) ሦስት ኢንቲጀር፣ ሦስት ሙሉ ቁጥር ነበር፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ እያንዳንዱ 4 ባይት፣ ድምሩ 12። 1.3 ላይ አንድ ሰው ዘመኑም ይጨመር ብሎ ስለጠየቀኝ፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ የሚለውን ማለት ነው፣ ከዓመቱ ቀጥሎ አስገባሁት፣ ሲነበብም ደስ ይላል፣ ዓመት፣ ዘመን፣ ወር፣ ቀን። ስትራክቱ 16 ባይት ሆነ።

የጓደኛዬ ፕሮግራም ግን 12 ባይት ብቻ ነው ያዘጋጀው፣ ከሱ ቀጥሎ ደሞ የትኬቱ ተራ ቁጥር ተቀምጧል። የፕሮግራምን ውስጥ በሚያሳየው በጂዲቢ አስቁሜ ሜሞሪውን ሳየው አራቱ ቁጥሮች በተርታ ቁጭ ብለዋል፣ 2017፣ 1፣ 4፣ 27። 2017 ዘመነ ማቴዎስ ስለሆነ 1 ጻፍኩ፣ ፕሮግራሙ እሱን ወር ነው ብሎ አነበበው፣ መስከረም። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ስለሆነ 4 ጻፍኩ፣ እሱን ቀን ነው አለ። እውነተኛው ቀን 27 ደሞ ቦታ አጥቶ ተራ ቁጥሩ ላይ ተጻፈበት። ምንም አልጠፋም፣ ሁሉም አንድ አንድ ቤት ተንሸራትቶ ነው፣ የመጨረሻው የጎረቤት ቤት ገባ።

መጨረሻ ላይ ጨምሬው ቢሆንስ ኖሮ? ሞከርኩት። ቀኑ ልክ ይወጣል፣ ተራ ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ 1 ይሆናል። ይሄኛው እንዲያውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ትኬቱ ላይ ያለው ቀን ትክክል ስለሆነ ማንም ቶሎ አይጠረጥርም፣ ጨርቅ ከተቀያየረ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ታኅሣሥ 13፣ እሁድ

ዛሬ የተቀመጥኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ማሽኑ ለምን ዝም አለ? ለምን አልከለከለውም?

በሪድኤልፍ መሣሪያ የፕሮግራሙን የዳይናሚክ ክፍል (ከውጭ የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች የተመዘገቡበትን) ስከፍት "ያስፈልገኛል" ብሎ ያስመዘገበው ስም ሊብቀን ነጥብ ኤስኦ ነጥብ 1 ነው። ሙሉ ቨርዥኑ አይደለም፣ 1.2 አይልም። ይሄ ስም ሶኔም ይባላል፣ ላይብረሪው ራሱ ውስጥ የተጻፈ ነው፣ ፕሮግራም ሲሠራ ሊንከሩ (ፕሮግራሙን ከላይብረሪው የሚያያይዘው) እሱን ገልብጦ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀምጣል፣ በኋላ ፕሮግራሙ ሲነሳ ሎደሩ (ላይብረሪዎቹን ወደ ሜሞሪ የሚያመጣው) በዛ ስም ይፈልጋል። የኔን 1.3 ስከፍት እሷም ሶኔሟ ነጥብ 1 ነው። ስም ከስም ገጠመ፣ ሎደሩ አሳለፈ። ሎደሩ ከዛ በላይ የሚያይበት ዓይን የለውም፣ የስትራክት ቅርጽ አያውቅም። ያቺ "1" የምትባለው ቁጥር የኔ ቃል ናት፣ "ከዚህ በፊት ከ1 ጋር የሠራ ሁሉ ከዚችኛዋም ጋር ይሠራል" የሚል ቃል፣ እሱን ነው የሰበርኩት።

2 ብያት ቢሆን ኖሮ የጓደኛዬ ፕሮግራም ወይ አሮጌዋን 1 አግኝቶ በሰላም ይሄድ ነበር፣ ወይ ደሞ ጭራሽ አልነሳም ይል ነበር። አልነሳም ማለቱ በጣም የተሻለ ነው! ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ሲወጣ ከመረጃ ማመስጠሪያው ላይብረሪ ከኦፕንኤስኤስኤል 3ን ብቻ ይዞ መጣ፣ 1.1ን የሚፈልጉ የድሮ ፕሮግራሞች ሊብኤስኤስኤል ነጥብ ኤስኦ ነጥብ 1.1 አልተገኘም እያሉ ሲቆሙ ብዙ ሰው ተማሯል፣ እኔም ያኔ ተማርሬ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። ስሙ ስለተቀየረ አንድም ፕሮግራም በተሳሳተ ቅርጽ ሰርተፊኬት ሊያነብ አልቻለም፣ በሩ ላይ ቆመ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ያንን ቁጥር የፓኬጁ ስም ውስጥ የሚያስገቡትም ለዚህ ነው፣ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን እንዲጫኑ።

ጓደኛዬ ከሰዓት ደውሎ "ለምን ሁሉንም ስታቲክ አላደርገውም፣ ላይብረሪህን ፕሮግራሜ ውስጥ ከትቼ ልገላገል" አለኝ። ለሱ ሱቅ ልክ ነው፣ አልከለከልኩትም። ግን ነሐሴ 2015 ላይ የጳጉሜን 6 ስሌት ላይ ስሕተት አግኝቼ 1.1ን ሳወጣ ማንም ፕሮግራሙን መልሶ ኮምፓይል አላደረገም፣ ላይብረሪዋን ብቻ ቀየሩ፣ ጳጉሜን 6 ስትመጣ ሁሉም ጋ ልክ ወጣች። በትልቁ ደሞ 2014 እንደ ፈረንጆቹ ኦፕንኤስኤስኤል ላይ ኸርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ አንድ ላይብረሪ አድሶ ሰርቪሶቹን ማስነሳት የተቻለው ሼርድ ስለነበረ ነው፣ ስታቲክ የከተቱት ግን አንድ በአንድ መሠራት ነበረባቸው። ይሄ ጥቅም ግን የሚቆመው ቁጥሯን በሚያከብር ሰው ላይ ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ውሳኔ። 1.3.1 ላይ ስትራክቱን ወደ ድሮው 12 ባይት እመልሳለሁ። አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ፣ ባለፉት ስድስት ቀናት ውስጥ በ1.3 ሄደር ኮምፓይል ያደረገ ሰው ካለ እሱ ደሞ በተራው ይሰበራል፣ ሁለቱንም ማዳን አይቻልም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚጠሩት የፈንክሽን ስም አንድ ነው፣ ላይብረሪዋ ማን የትኛውን ቅርጽ እንደሚጠብቅ የምትለይበት ምልክት የላትም። የድሮዎቹ ብዙ ናቸው፣ የአዲሶቹ ጥቂት። ሪፖው ላይ (ኮዷ ለሁሉም የተቀመጠበት ገጽ) ትልቅ ማስታወቂያ ጻፍኩ፣ ዘመኑን ለጠየቀኝ ልጅም ደወልኩለት፣ እሱ የበዓላት ማውጫ እየሠራ ነው፣ በ1.3 ኮምፓይል ያደረገም እሱ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እሱ ግን ድቁና የተቀበለ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅ ነውና በእርጋታ "ወንድሜ ዘመኑ እኮ ከዓመቱ ይወጣል" አለኝ። 5500 ላይ 2017 ስትደምር 7517፣ ለ4 ስታካፍል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል፣ 1879ኙ መጠነ ራብዒት ይባላል፣ የተረፈው 1 ማቴዎስ ነው። 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ እኩል ቢካፈል ዮሐንስ። ታዲያ ስትራክት ውስጥ ምን ይሠራል? ዓመት ተቀብላ ዘመን የምትመልስ አንዲት ፈንክሽን በቂ ናት። አዲስ ፈንክሽን መጨመር ደሞ ማንንም አይሰብርም፣ የማያውቃት ፕሮግራም አይጠራትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጽፌ ጨረስኳት፣ ከነቴስቷ ሩብ ሰዓት አልፈጀችም።

ማታ። 1.3.1ን ስለቸኮልኩ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሠርቼ ለሱቁ ላክሁ። ሱቁ ጋ ጭራሽ አልተነሳም፣ ጂሊብሲ 2.38 አልተገኘም የሚል መልእክት፣ ጂሊብሲ ሊኑክስ ላይ የሲ ፕሮግራሞች የሚቆሙበት መሠረታዊ ላይብረሪ ነው። የኔ ላፕቶፕ ኡቡንቱ 24.04 ነው፣ ጂሊብሲው 2.39፣ የሱቁ ኮምፒውተር 20.04 ነው፣ እሱ ጋ 2.31። እኔ 2.38 የሚባል ነገር የት ተጠቀምኩ ብዬ የተሠራ ፋይልን በሚመረምረው በኦብጅደምፕ ስፈልግ ስትርቶል ሆና አገኘኋት፣ ቁጥር ከጽሑፍ የምታነብ ከድሮ ጀምሮ ያለች ፈንክሽን! ለካ ከ2.38 ጀምሮ የጂኤንዩ ሶርስ ማክሮ (ተጨማሪ ነገሮችን የሚከፍት ምልክት) ኮዱ ላይ ካለ ሄደሩ ስትርቶልን ወደ አዲስ ስም ያዞራታል፣ ያ አዲስ ስም ደሞ አሮጌው ጂሊብሲ ውስጥ የለም።

መንገዱ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያስኬደው፣ በአሮጌ ጂሊብሲ የተሠራ በአዲሱ ላይ ይሄዳል፣ በአዲስ የተሠራ ወደ አሮጌው አይመለስም። ስለዚ ሪሊዝ የሚሠራው ሁልጊዜ ልንደግፈው ቃል በገባንበት አሮጌ ሲስተም ላይ ነው። በ20.04 ኮንቴይነር ውስጥ (ላፕቶፔ ላይ ለብቻው ተከልሎ በሚሄድ የ20.04 ሲስተም) ድጋሚ ሠራሁ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ላክሁ፣ ጠዋት ሠራ የሚል መልስ አገኘሁ። እንደገና ደሞ ልብ ያልኩት፦ ጂሊብሲ ዝም ብሎ አላሳለፈኝም፣ እምቢ አለ፣ ምን እንደጎደለም በስም ነገረኝ። እኔም ላይብረሪዬን እንደዛ ላድርጋት።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ጂሊብሲ እንዴት ነው እንደዛ መናገር የቻለው የሚለውን ሳነብ አመሸሁ። እያንዳንዱ ሲምቦል (ላይብረሪው ለውጭ የሚያሳየው ስም) ላይ የቨርዥን ምልክት ይለጥፋል። የታወቀው ታሪክ ሜሞሪ የምትገለብጠዋ ፈንክሽን፣ የሜምሲፒዋይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ 2010 መጨረሻ አካባቢ ፈጣን ተብላ የተቀየረችው ሜምሲፒዋይ ከኋላ ወደፊት መገልበጥ ስትጀምር ፌዶራ 14 በሚባለው ሊኑክስ ላይ የፍላሽ ማጫወቻው ድምፅ ተበላሸ፣ ምክንያቱም ፍላሽ የሚደራረቡ ቦታዎችን ይገለብጥ ነበር፣ ሕጉ ደሞ ያንን አይፈቅድም። ማን ነው ጥፋተኛው ተብሎ ብዙ ተባለ፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም ገብቶበት ተጠቃሚው ጋ የሚሠራ ነገር መሰበር የለበትም ብሎ ተሟግቷል። በመጨረሻ ጂሊብሲ 2.14 ላይ ሁለት ሜምሲፒዋይ ሆኑ፣ ድሮ የተሠራው ፕሮግራም የድሮውን ምልክት ስለያዘ መደራረብ የማይጎዳትን ያገኛል፣ አዲስ የሚሠራው አዲሷን። እስከ ዛሬ ሁለቱም አንድ ፋይል ውስጥ አብረው አሉ። ሕጉን የጣሰውን ሳይቀር ተሸክሞ መኖር፣ ይሄ ለኔ ትልቅ አክብሮት ነው።

ወደ ሥራዬ። ሲምቦል በሚዘረዝረው በኤንኤም ላይብረሪዬ ለውጭ የምታሳየውን ስቆጥር 31 ሲምቦል ወጣ። ሄደሬ ላይ ያሉት 9 ናቸው፣ አዲሷን ጨምሮ 10። 21ዱ የውስጥ ረዳቶች ናቸው፣ ስታቲክ (እዚህ ጋ ከፋይሉ ውጭ አይታይ ማለት ነው) ማለት ስለረሳኋቸው በር ላይ ቆመው የሚታዩ። አንድ ሰው ተጠቅሞባቸው ከሆነ ሳላውቀው ቃል ገብቼለታለሁ ማለት ነው። ፈለግኩ፣ ሪፖዎችን አገላበጥኩ፣ አንዱ በፓይተን የሲ ላይብረሪ በሚያስጠራው በሲታይፕስ በኩል "ጳጉሜን 6 ናት ወይ" የምትለውን ረዳት በቀጥታ ይጠራታል። እሷን ከነስሟ ተውኳት፣ ሄደሩም ላይ አወጣኋት። ሌሎቹን 20 ደበቅኳቸው። ይሄን ሳደርግ እጄ ይፈራ ነበር፣ መደበቅም ማጥፋት ነውና፣ ግን አንድም ሰው ሲጠራቸው አላገኘሁም።

ከዛ የቨርዥን ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ትንሽ ፋይል ናት፣ በ1.0 ምልክት ስር የድሮዎቹን፣ በ1.4 ምልክት ስር አዲሷን የዘመን ፈንክሽን፣ የቀረው ሁሉ ድብቅ። ምልክት ሳይኖረው የተሠራ የድሮ ፕሮግራም ሲመጣ ሎደሩ መጀመሪያ የተመዘገበውን ምልክት ይሰጠዋል፣ ስለዚ የሱቁ ፕሮግራም አይነካም። ሞከርኩት፣ አልተነካም። በተቃራኒው በ1.4 የተሠራ ፕሮግራም ከ1.3.1 ጋር ሳስኬደው አዲሷ ሲምቦል የለችም ብሎ ቆመ። አሁን የኔም ላይብረሪ እምቢ ማለት ችላለች።

ታኅሣሥ 20፣ እሁድ

ይሄ ሁሉ ግን እኔ ካስታወስኩ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ደክሞኝ ስትራክት ብነካስ? ሊብአቢጌል የሚባል ፕሮጀክት ውስጥ አቢዲፍ የሚል መሣሪያ አለ፣ ሁለት ላይብረሪ ትሰጠዋለህ፣ የዲበግ መረጃቸውን አንብቦ ምን እንደተቀየረ ይነግርሃል። 1.2ን እና የተበላሸችውን 1.3 ሰጠሁት። የስትራክቱ መጠን ከ96 ወደ 128 ቢት ተቀይሯል፣ አንድ አባል ገብቷል፣ ወር የነበረበት ቦታ ከ32 ወደ 64 ተንሸራቷል፣ ብሎ ዘረዘረልኝ። 96 ቢት ማለት ያቺው 12 ባይት ናት። ቅዳሜ ሙሉ ስለፋበት የዋልኩትን በአንድ ትእዛዝ።

ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሚት (የኮድ ለውጥ) ሲገባ ሲአይው (ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ሲስተም) የመጨረሻውን ሪሊዝ ከአዲሱ ጋር ያወዳድራል፣ መልሱ ዜሮ ካልሆነ ሰው ሳያነበው አያልፍም። ሌላም ጨመርኩ፣ የጓደኛዬን ፕሮግራም አስፈቅጄ፣ አምና የተሠራውን ያንኑ ፋይል ሳልነካው፣ ቴስት ውስጥ አስገባሁት። ድጋሚ ኮምፓይል አይደረግም፣ እንዳለ ነው የሚሄደው። ታኅሣሥ 27ን ሰጥቼው "ታኅሣሥ 27" ብሎ ካላተመና ተራ ቁጥሩን ካልጠበቀ ሪሊዝ የለም። ቴስቶቼ ሁሉ ባለፈው ያለፉት በየጊዜው በአዲስ ሄደር ስለሚሠሩ ነበር፣ ይሄኛው ግን እንደ ሰው ኮምፒውተር ነው፣ የድሮውን ይዞ የሚጠብቅ።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ዛሬ ስለ ቨርዥን 2 ነው ያሰብኩት። ስትራክቱን ሙሉ በሙሉ መደበቅ እፈልጋለሁ፣ ተጠቃሚው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ብቻ እንዲይዝ፣ ወሩን ሲፈልግ በፈንክሽን እንዲጠይቅ፣ እንደዛ ከሆነ ውስጡን እንደፈለግኩ ባሰፋው ማንም አይሰማውም። ግን ያ ማለት ሁሉም ሰው ኮዱን መቀየር አለበት።

አይሲዩ የሚባለውን የቋንቋና የካላንደር ላይብረሪ አየሁ፣ እዛ ውስጥም የኢትዮጵያ ካላንደር አለ፣ ከኔ በጣም የሰፋ ሥራ ነው። እነሱ በየትልቁ ሪሊዝ ሶኔማቸውን ይቀይራሉ፣ ኡቡንቱ 20.04 ላይ 66፣ 22.04 ላይ 70፣ 24.04 ላይ 74፣ የሲ ፈንክሽኖቹ ስም ላይ ሳይቀር ቁጥሩ ይለጠፋል። ማንም በስሕተት አይገናኝም፣ ግን ዲስትሮው (እንደ ኡቡንቱ ያለው የሊኑክስ ስርጭት) አይሲዩውን ባደሰ ቁጥር የሚጠቀምበት ሁሉ መልሶ ይሠራል። ዲስትሮዎች ያንን የሚያደርግ ሰውና ማሽን አላቸው። የሽሮ ሜዳ ሱቅ የለውም። ስለዚ 2 አሁን አይወጣም። ወደፊት ከወጣችም 1 ጎን ለጎን ትቀጥላለች፣ ለ1 የስሕተት እርማት ማውጣቴን አላቆምም፣ ይሄን ሪድሚው ላይ ጻፍኩት፣ እስከ መቼ እንደሆነም ጭምር፦ ጳጉሜን 2023 እስኪያልፍ።

ታኅሣሥ 27፣ እሁድ

ዛሬ ያቺ ቀን ናት። ጠዋት ሱቁ ሄድኩ፣ ከጓደኛዬ ጋር። የተበላሹት ትኬቶች በጠቅላላ 14 ነበሩ፣ አጎቱ ዓርብ ዕለትና ቅዳሜ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ደውለው ስምና ስልካቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ጨርቁ ላይ ሰክተውታል። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ 30 ዓመት በደብተር ሠርቻለሁ፣ የአንተ ነገር ሲበላሽ ወደ ደብተሬ ነው የተመለስኩት፣ አንተ ብቻ ከመቀየርህ በፊት ንገረን" አሉኝ። ከ14ቱ 11ዱ እኔ እያለሁ መጥተው ወሰዱ፣ አንድም ጨርቅ አልተቀያየረም። አንዲት እናት ነጭ ጥበብ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ጥለቱን ሲያዩ ቆይተው የድሮ ትኬታቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ፣ "መስከረም 4፣ ቁጥር 27"። እሷን ይዤ መጣሁ።

እዛው ቁጭ ብዬ 1.4ን ጫንኩ፣ ሶኔም 1፣ በ20.04 የተሠራች፣ አቢዲፍ ያሳየው ለውጥ የዘመኗ ፈንክሽን መጨመርና የ20ዎቹ መደበቅ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ። የሱቁ ፕሮግራም ያው የአምናው ፋይል ነው፣ አልተነካም። ወዲያው አንድ ልጅ ለጥምቀት ልብስ ሊያዝ ገባ፣ ቀጠሮው ጥር 9። ጋሼ ጻፉ፣ ማተሚያው ትኬቱን አወጣ፦ ጥር 9 ቀን 2017፣ ቁጥር 416።

የቀረኝ፦ የፓይተኑን ሰውዬ ስለወጣችው ፈንክሽን ማሳወቅ፣ የዲያቆኑን ማውጫ በ1.4 መልሶ መሥራት፣ ከገና በኋላ ደሞ የቨርዥን ስክሪፕቱን ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ መጠየቅ።